ማሪሶል፦ «ባሕርና ፀሐይ» ወይስ «ብቸኝነት»? ለልጄ ስም ልናወጣ ነው

ሰንበሌጥ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ማድሪድ ነው፣ ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ነው። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ሴት ናት ብለውናል። አማቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅቷ ማሪሶል እንድትባል። የእናታቸው ስም ነው። የእኔም ጆሮ ወዶታል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ አፍም አያስቸግርም።

ነገሩ የተወሳሰበው ጎንደር ያለችው እናቴ በስልክ «ለመሆኑ ትርጉሙ ምንድን ነው?» ያለችኝ ቀን ነው። ባለቤቴን ጠየቅኩት። «ማር ባሕር፣ ሶል ፀሐይ። ባሕርና ፀሐይ ማለት ነው» አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ባለፈው እሁድ ግን አማቴ ቤት ምሳ በልተን ይህንኑ ስናወራ እሳቸው ምንም ሳይሉ ተነሱና ከቁም ሳጥን መሳቢያ የእናታቸውን አሮጌ መታወቂያ አመጡ። ጥጉ ተበልቷል፣ ፎቶው ደብዝዟል። ማሪሶል የሚል ቃል የለበትም። «ማሪያ ዴ ላ ሶሌዳድ» ነው የሚለው። ሶሌዳድ ደግሞ ብቸኝነት ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አላረፈም። ከአገሬ ርቄ የምወልዳት ልጅ ናት፤ ብቸኝነት ምን እንደሆነ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ፣ ያንን በስም ላወርሳት አልፈልግም። የአማቴንም ፊት ማስከፋት አልፈልግም። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም። ስሙ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ትርጉም እውነተኛ እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

እናት ዓለም

ልጄ፣ ማርያም ትቅረብሽ። እኔ ስድስት ወልጃለሁ፣ የስድስቱም ስም ታስቦበት ነው የወጣው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምተሻል። ለልጅ የሚሰጥ ስም ምርቃት ነው፤ በተጠራች ቁጥር ይመረቅባታል። እኔ ብሆን ብቸኝነት የሚል ቃል ካለበት ስም እሸሻለሁ። አማትሽ ከልባቸው ነው የጠየቁት፣ ቁጭ ብለሽ ብታስረጂያቸው ይገባቸዋል።

ባለመዝገበ ቃላት

ሰንበሌጥ፣ ባለቤትሽም አማትሽም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እኔ ቫሌንሲያ ሆኜ ሰነድ እተረጉማለሁ፤ እንዲህ ያለ ስም በየቀኑ በእጄ ያልፋል፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

የስፓኒሽ ጥምር የሴት ስም አብዛኛውን ጊዜ በማሪያ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የልጅቷ ጠባይ ወይም ዕጣ አይደለም፣ የእመቤታችን መጠሪያ ነው። «የትኛዋ ማርያም?» ለሚለው መልስ ነው። ማሪያ ዴል ፒላር ስትይ የዓምዷ ማርያም ማለትሽ ነው፤ በአገሬው ትውፊት በ40 ዓ.ም. ለሐዋርያው ያዕቆብ ሳራጎሳ ላይ በዓምድ ቆማ የታየችው፣ በዓሏ ኦክቶበር 12 የሚውለው። ማሪያ ዴል ካርሜን የቀርሜሎስ ተራራዋ ማርያም ናት፣ ጁላይ 16፣ የዓሣ አጥማጆች ጠባቂ። ማሪያ ዴ ላስ ሜርሴዴስ የምሕረት ማርያም ናት፤ በእሷ ስም በ1218 ባርሴሎና ላይ የተመሠረተው የመነኮሳት ማኅበር ምርኮኞችን በገንዘብ እየዋጀ ያስፈታ ነበር። (ማርቼዲስ የምንለው መኪናም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ በ1889 ከተወለደችው የነጋዴው የኤሚል ዬሊኔክ ልጅ።) ኢስፔራንሳ ተስፋ፣ ሉስ ብርሃን፣ ኒዬቬስ በረዶ፣ ሮሲዮ ጤዛ፣ ዶሎሬስ ሕማም፣ አንጉስቲያስ ጭንቅ። ዶሎሬስ የተባለችን ሴት ማንም «ሕማም» ብሎ አያስባትም፤ ሎላ ይሏታል፣ ሎላ ደግሞ በስፔን ምድር የሳቅና የጭፈራ ስም ነው።

ወደ ሶሌዳድ ስመጣ፣ ይህች የትኛዋ ማርያም ናት? ልጇ ተሰቅሎ፣ ተቀብሮ፣ ትንሣኤው ገና ሳይሆን፣ ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ንጋት ብቻዋን የቀረችው እናት ናት። ማድሪድ ውስጥ ይህ ስግደት የገነነው በ1560ዎቹ ነው። የፊሊፔ 2ኛ ሚስት ንግሥት ኢሳቤል ዴ ቫሉዋ ጋስፓር ቤሴራ በሚባል ቀራጺ አንድ ምስል አሠራች፤ ምስሉን ያለበሱት የዘመኑን መበለት ልብስ ነበር፣ ነጭ ከውስጥ፣ ጥቁር ካባ ከላይ። ያ ምስል በ1936 በእርስ በርስ ጦርነቱ ተቃጥሎ ጠፋ፤ ጥቁርና ነጩ አለባበስ ግን እስከ ዛሬ በየከተማው በሕማማት ሳምንት ትከሻ ላይ ሲዞር ታዪዋለሽ።

እንግዲህ ማሪያ ዴ ላ ሶሌዳድ ለቤት ጥሪ ይረዝማል። ማሪያ «ማሪ» ትሆናለች፣ ሶሌዳድ ደግሞ «ሶሌ» ወይም «ሶል»። ማሪ ሲደመር ሶል፣ ማሪሶል። ማሪያ ኢሳቤል ማሪቤል እንደሆነችው፣ ማሪያ ሉዊሳ ማሪሳ እንደሆነችው ማለት ነው። የባለቤትሽን «ባሕርና ፀሐይ» የወለደው የድምፅ መግጠም ነው፤ «ማር ኢ ሶል» ተብሎ ሲነገር ከስሙ ጋር አንድ ይሆናል። ባሕሩን ለፈለገ ሰው ግን ስፓኒሽ ሌላ ስም አለው፦ ማሪያ ዴል ማር፣ የባሕሯ ማርያም፣ ሲያጥር ማሪማር። ባርሴሎና ያለው በ1329 የተጀመረው ትልቁ የሳንታ ማሪያ ዴል ማር ቤተ ክርስቲያን የእሷ ነው።

ቀበና

ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ስም የሚኖረው በመዝገብ ውስጥ ብቻ ነው እንዴ? ዛሬ ማሪሶል ብለው የሚሰይሙ ወላጆች ባሕርና ፀሐይ አስበው ከሰየሙ ትርጉሙ ያ ሆነ ማለት ነው። የሰንበሌጥ ባል ስፔናዊ ነው፣ በገዛ ቋንቋው የገባው እንደዚያ ነው። እሱን ተሳስተሃል የምንለው እኛ ማን ነን?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የስፔን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሰውዬ ሆሴ ማሪያ አስናር ይባላል። ወንድ ሆኖ ማሪያ?

ባለመዝገበ ቃላት

ቀበና፣ መጀመሪያ ቀላሉን። ሆሴ ማሪያ ወንድ ነው፣ ማሪያ ሆሴ ሴት ናት። ፆታውን የሚወስነው ፊት የቆመው ስም ነው። ሁለቱ ቃላት ያው ናቸው፣ ተራቸው ሲገለበጥ ሰውየው ሴትዮ ይሆናል።

በሌላው ነጥብህ ከፊል እስማማለሁ። ለክርክርህ የሚያግዝ ማስረጃ እኔው ልስጥህ። በ1930 ፓሪስ የተወለደች፣ ቤተሰቧ ከቬኔዙዌላ የሆነ ማሪሶል የተባለች ስመ ጥር ቀራጺ ነበረች፤ በ2016 ነው ያረፈችው። የልደት ስሟ ማሪያ ሶል ኤስኮባር ነው፣ ሶሌዳድ የሚል የለበትም። ስለዚህ ሁሉም ማሪሶል ከሶሌዳድ አይመጣም፤ ከቀጥተኛው «ሶል»፣ ከፀሐይ የሚመጣም አለ። ስሙን በስፔን ቤት ሁሉ ያስገባችው የማላጋዋ ሕፃን ተዋናይት ደግሞ ጭራሽ ማሪሶል አልነበረችም። በ1948 ስትወለድ የወጣላት ሆሴፋ ፍሎሬስ ነው፤ ማሪሶል በ1960 የመጀመሪያ ፊልሟ ሲወጣ የተሰጣት የመድረክ ስም ነው። ፀጉረ ወርቃማ፣ ዘፋኝ፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች፤ የፀሐዩ ትርጉም በሕዝቡ ልብ የተተከለው በእሷ ፊት ይመስለኛል። ካደገች በኋላ ከመድረኩ ርቃ «ፔፓ» በሚለው በራሷ ስም መጠራትን መረጠች።

ግን የሰንበሌጥ ጥያቄ ስለ ሁሉም ማሪሶል አይደለም። ስለ አንዲት አያት ነው። የእሳቸው መታወቂያ ሶሌዳድ ይላል። በዚህ ቤት ውስጥ ስሙ ከየት እንደመጣ ወረቀቱ ተናግሯል።

የፌርፋክስ ልጅ

ከሎስ አንጀለስ ነኝ። ኢትዮጵያውያን ሱቅና ምግብ ቤት ባለበት በፌርፋክስ አካባቢ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ አብራኝ ሽንኩርት የምትከትፍ የሜክሲኮ የኦዋሃካ ክፍለ ሀገር ሴት አለች። ስሟ ሶሌዳድ ነው። ሜክሲኮዎች ሶሌዳድን «ቾሌ» ነው የሚሏት። እኔም ቾሌ እላታለሁ፣ እሷ እኔን «ሚሃ» ትለኛለች፣ ልጄ እንደማለት።

ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ ጠየቅኳት። «ብቸኝነት መባል አይከብድሽም?» አልኳት፤ ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የኦዋሃካ ከተማን ባዚሊካ አሳየችኝ። የሶሌዳድ ማርያም የኦዋሃካ ጠባቂ ናት፣ በዓሏ ዲሴምበር 18 ነው። ታሪኩን እንዲህ ነገረችኝ፦ ጥንት በ1620 ጭነኞች በዚያ ሲያልፉ የእነሱ ያልሆነች አንዲት በቅሎ ተቀላቀለቻቸው። ከተማው ጋ ስትደርስ ወድቃ አልነሳም አለች። ሳጥኑን ሲከፍቱት የእመቤታችን ምስል ተገኘበት፤ በቅሎዋ በወደቀችበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ቾሌ ስትጨርስ «በእሷ ቀን ነው የተወለድኩት፣ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም» አለችኝ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰች።

ሰንበሌጥ፣ እኔ ከእማማ እናት ዓለም በአክብሮት እለያለሁ። ስሙን የተሸከመችው ሴት ራሷ እንደ እርግማን አታየውም።

ዘጎንደር

እኅቴ ሰንበሌጥ፣ በመጀመሪያ እመቤታችን በሰላም ታገላግልሽ።

እኔ የቆሎ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፣ ስፓኒሽ አላውቅም። ይህን ክር ሳነብ ግን የሰው አገር ነገር የማነብ አልመሰለኝም። እኛም ልጃችንን «ማርያም» ብለን ብቻ አንሰይምም። ስሙ ይከብደናል። ወለተ ማርያም፣ ጽጌ ማርያም፣ እኅተ ማርያም፣ ወይም ማርያማዊት እንላለን። ባለመዝገበ ቃላት ፊት የቆመው ስም ፆታን ይወስናል ሲል ገብረ ማርያምና ወለተ ማርያም ትዝ አሉኝ፤ ማርያም ሳትለወጥ ፊት የቆመው ነው ወንድም ሴትም የሚያደርገው። የምሕረት ማርያም ያላትም ኪዳነ ምሕረትን ታስታውሰናለች። አንድ ልዩነት ግን አየሁ። እኛ ስናሳጥር ፊቱን እንይዛለን፤ ገብረ ማርያም ገብሬ፣ ኃይለ ማርያም ኃይሌ፣ ወልደ ማርያም ወልዴ ይሆናል። እነሱ ብዙ ጊዜ ፊቱን ትተው ኋላውን ይይዛሉ፤ ማሪያ ዴል ፒላር ፒላር፣ ማሪያ ዴ ሎስ ዶሎሬስ ሎላ። ማሪሶል ሁለቱንም ስለያዘ ደስ ይላል።

አሁን ስለ «ባሕርና ፀሐይ»። እኛ አገር መምህራን «ማርያም ማለት ምን ማለት ነው?» ሲባሉ ከሚሰጡት ትርጓሜ አንዱን ሁላችሁም ሰምታችኋል፦ ከምድር የሚጣፍጠው ማር፣ ከገነት የሚጣፍጠው ያም፣ ማርና ያም ተጋጥመው ማርያም። ስሙ ከዕብራይስጥ እንደመጣ መምህሩ ያውቃል። «ማር» የአማርኛ ቃል እንደሆነም ያውቃል። ይህን ሲያስተምር ግን እየዋሸ አይደለም፤ ስሙን እየወደደ ነው፣ አፉ ላይ ያለውን ጣዕም እየተናገረ ነው። ስፔኖችም ያንኑ «ማሪ» ወስደው በቋንቋቸው «ማር»ን፣ ባሕርን አገኙበት። እኛ ማር ቀመስንበት፣ እነሱ ባሕር አዩበት። ስለዚህ ባለቤትሽ አልተሳሳተም፤ የእኛ መምህራን ያደረጉትን ነው ያደረገው።

ብቸኝነቱን በተመለከተ፣ እማማ እናት ዓለም፣ እርስዎ የዓርብ ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቆመው ላሐ ማርያም ሲነበብ ያለቀሱ ይመስለኛል። ያችው ናት። ልጇ በመቃብር ሳለ በቅዳሜው፣ እኛ ቀዳም ሥዑር በምንለው ቀን፣ ያለችው እናት። ስማችን ይለያያል እንጂ የምናለቅስላት አንዷን ነው።

እናት ዓለም

አንተ ልጅ፣ ላሐ ማርያምን አነሳህብኝ። ያችን ማለታቸው ከሆነ እኔ ምን እላለሁ። ግን ለሰንበሌጥ አሁንም የምነግራት አለኝ፦ ልጅቷ አድጋ አዲስ አበባ ስትመጣ ስለ እመቤታችን የሚያስረዳላት ሰው አጠገቧ ላይኖር ይችላል። «ብቸኝነት» ብቻ ነው የሚሰማው።

ጤናአዳም

ዱባይ ነው የምኖረው፣ አሥር ዓመቴ ነው። ይህ ስም ስፔን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፊሊፒንስ ከ1565 እስከ 1898 በስፔን ሥር ስለነበረች የፊሊፒንስ ሴቶች ስም በእነዚህ የተሞላ ነው። አብረውኝ በአንድ ክፍል ከተኙት መካከል ማሪቴስ ነበረች፣ ማሪያ ቴሬሳ ማለት ነው፤ ማሪቪክ ነበረች፣ ማሪያ ቪክቶሪያ ማለት ነው። ማሪሶልም ነበረች። አልጋዋ ከእኔ በላይ ነበር።

የማሪሶል የሥራ ፈቃድ ላይ የተጻፈው ግን «ኤም፣ ኤ፣ ነጥብ» ከዚያ ሶሌዳድ ነው። ማሪያን እንዲህ ነው የሚያሳጥሩት። አንድ ቀን የባንክ ጸሐፊው «ማ የሚባለው የአባትሽ ስም ነው?» ብሎ ጠየቃት። ፓስፖርቷ በአንድ መልክ፣ የሥራ ፈቃዷ በሌላ መልክ ስለነበር ደሞዟን ለመላክ ሦስት ቀን ተመላለሰች። እኔ አብሬያት ስለሄድኩ የገባኝ ወዲያው ነው፤ የእኔ አባት ስም ወልደ ማርያም ነው፣ አንዱ ወረቀት ላይ ወ/ማርያም ተብሎ በእዝባር፣ ሌላው ላይ ተገጥሞ፣ ሌላው ላይ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተጽፏል። እሷ ነጥቧን እያሳየች፣ እኔ እዝባሬን እያሳየሁ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠን ዋልን።

ሰንበሌጥ፣ ምክሬ ተግባራዊ ነው። የትኛውንም ስም ምረጪ፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉውን አስጽፊ። ምንም ምልክት፣ ምንም ማሳጠሪያ እንዳይኖርበት።

ባለመዝገበ ቃላት

ጤናአዳም ያለችው በእጅጉ ትክክል ነው። ስፔንም ውስጥ ያው ነው፤ «ኤም» ይጽፉና ከአናቷ ላይ ትንሽ «ኣ» ይሰቅሉባታል። በማሽን የሚነበብ ሰነድ ላይ ያች ትንሽ ፊደል ትጠፋለች።

ለሰንበሌጥ ስለ ሕጉ ልጨምር። የስፔን የ2011 የሲቪል ምዝገባ ሕግ፣ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በ2021 ነው፣ ለአንድ ልጅ ሁለት ነጠላ ስም ወይም አንድ ጥምር ስም እንጂ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ማሪያ ዴ ላ ሶሌዳድ እንደ አንድ ጥምር ይቆጠራል፣ ቦታው በእሱ ያልቃል። ማሪሶል ግን ነጠላ ነው፤ ከጎኑ አንድ የአማርኛ ስም ማስገባት ትችያለሽ። በዚህ ብቻ እንኳ ብዙ ሰው አጭሩን ይመርጣል።

በአምባገነኑ በፍራንኮ ዘመን እንዲህ ቀላል አልነበረም። በ1938 በወጣ ትእዛዝ በስፔን ውስጥ በሚነገሩት በሌሎቹ ቋንቋዎች፣ በካታላንና በባስክ፣ የሚወጣ ስም በመዝገብ መጻፍ ተከልክሎ ነበር፤ በሕግ የተለቀቀው በ1977 ነው። ባስኮች «ማይቴ» ይላሉ፣ ተወዳጅ ማለት ነው፤ ማሪያ ቴሬሳም በስፓኒሽ ሲያጥር ማይቴ ይሆናል። መዝገቡ ላይ ማሪያ ቴሬሳ፣ ቤት ውስጥ ማይቴ። የስም ማሳጠር ለአንዳንዱ ቤት ቋንቋውን መደበቂያም ነበር።

ቀበና

የማይቴው ነገር ልቤን ነካው። የኔንም ክርክር ትንሽ ላስተካክል፦ ዘጎንደር ስለ ማርና ያም ያለውን ሳነብ አንዱ ትርጉም ሌላውን መግደል እንደሌለበት ገባኝ። ሰንበሌጥ፣ ምን ወሰንሽ?

ሰንበሌጥ

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አንብቤያለሁ፣ ለባለቤቴም ተርጉሜለታለሁ። ለመወሰን ግን ትናንት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ትናንት ኦገስት 15 ነበር። በእኛ ነሐሴ 9፣ ፍልሰታን እየጾምኩ ነው፤ ሐኪሜም እማማም ስለ ጾሙ አትቆጡኝ፣ ለነፍሰ ጡር የሚሆነውን ያህል ብቻ ነው። አማቴ «ዛሬ እናቴን ላሳይሽ» ብለው ወደ ላ ፓሎማ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሴቶቹ ባለዘርፍ ሻል ለብሰው፣ ፀጉራቸው ላይ ቀይ አበባ ሰክተው መንገዱን ሞልተውታል። የላ ፓሎማ ማርያም ሥዕል ናት፣ ሐውልት አይደለችም። አማቴ እንደነገሩኝ ያቺን ሥዕል በ1787 ልጆች በአንድ ግቢ ውስጥ ተጥላ አግኝተው ሲጫወቱባት አንዲት የሰፈሩ ሴት በሳንቲም ከእነሱ ገዝታ አጽድታ በራፏ ላይ ሰቀለቻት። ሕዝቡ በመንገዱ ስም ፓሎማ፣ ርግብ ብሎ ጠራት። ሥዕሏን ቀረብ ብዬ ሳያት ግን ነጭ ልብስ፣ ጥቁር ካባ፣ እጆቿን አጣምራ። ባለመዝገበ ቃላት የጻፍከው አለባበስ። የሶሌዳድ ሥዕል ናት።

ከዚያ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወጡ። በየዓመቱ በዚህ ቀን ሥዕሉን ከመሠዊያው የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። አንዱ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ፍሬሙን ሲፈታ ቤተ ክርስቲያኑ ትንፋሹን ዋጠ። ሥዕሉ ቀስ ብሎ በብዙ እጅ ላይ ሲወርድ ሕዝቡ «ጉዋፓ! ጉዋፓ!» አለ፣ ቆንጆ፣ ቆንጆ ማለት ነው። እያለቀሱ። ያን ሁሉ ሰው ዙሪያዋን ከብቦ እየጮኸላት ብቸኛ የምትባል ሴት አይቼ አላውቅም። አማቴ ክንዴን ይዘው «እናቴ በየዓመቱ እዚህ ታመጣኝ ነበር፣ ስሟ ይህ ነው» አሉኝ። ሆዴ ውስጥ ልጅቷ ተገላበጠች።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ባሕርና ፀሐይ ያልኳት ግማሹ ብቻ እንደነበር፣ ሶሌዳድን፣ የስቅለት ማግስቷን እናት። ብዙ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኳት። «አለሁ» አለችኝ። «አባትሽ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ሲበተን እኔና እሷ ነን ቤት የቀረነው። ስሟን ስጫት።»

እናት ዓለም

እናትሽ ከተናገረች እኔ ዝም ብያለሁ። ማርያም ትቅረብሽ።

የፌርፋክስ ልጅ

ለቾሌ አነበብኩላት። ሽንኩርቱ ነው ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ሰንበሌጥ

ክሩ እንዳይዘጋ ብዬ ተመልሼ መጣሁ። ተወልዳለች፣ ሁለታችንም ደኅና ነን። ስለ ጸሎታችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ምዝገባው ላይ ማሪያ ሶሌዳድ ብለን በሙሉው አስጻፍን፤ ጤናአዳም እንዳለችው ያለ ማሳጠሪያ። ጸሐፊዋ «ኤም» ጽፋ ትንሿን ፊደል ልትሰቅል ስትል አማቴ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ አደረጉና «ሙሉውን» አሏት። የአማርኛ ስም ለመጨመር ቦታው አልቋል። ግን እዚህ አገር ልጅ የእናቷንም የቤተሰብ ስም ስለምትይዝ መጨረሻ ላይ የአባቴ ስም ተጽፏል፤ በማድሪድ መዝገብ ላይ የጎንደር ሰው ስም። ክርስትና በሰማንያ ቀኗ እናስነሳታለን፣ የክርስትና ስሟን ካህኑ በዕለቱ ይነግሩናል። ቤት ውስጥ ማሪሶል ናት። የባለቤቴ ባሕርና ፀሐይም አልተወሰደበትም፤ አልጋዋ በላይ ሰማያዊና ቢጫ ወረቀት ቆርጦ ሰቅሏል።

ጎንደር ያሉ ጎረቤቶች «ሶልያና ናት አይደል?» እያሉ እናቴን ይጠይቋታል። እሷ ደግሞ ስሙን ፊደል በፊደል አስነግራኝ በጸሎት መጽሐፏ የመጨረሻ ገጽ፣ የእኔና የወንድሞቼ የልደት ቀን በተጻፈበት፣ በእርሳስ ጽፋዋለች። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሁለት ቦታ ከፍላ «ማርያም ሶል» ብላለች። አላረምኳትም።